ሰንደቅ የሌለው ባንዲራ፦ ፕሮፋይላችን ላይ ስንሰቅለው ሰው ምን ያነብበታል?

የማለዳ ጤዛ

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ አጥፍቼዋለሁ። ዛሬም ሳልለጥፈው ባድር የምተኛ አይመስለኝም።

ከሦስት ወር በፊት ሀገሬ ላይ ከባድ ሐዘን ወረደ፤ በአንድ ቀን ብዙ ሰው አለቀ። ምን ብዬ እንደምጽፍ ቃል አጣሁና ከፕሮፋይሌ ላይ ፎቶዬን አንስቼ ባንዲራችንን ተካሁበት። የለቅሶ ልብስ እንደ መልበስ ነበር ለእኔ። ቀኑ አለፈ፣ ባንዲራው እዚያው ቀረ። አውርጂው ያለኝም የለም፣ እኔም ትዝ አላለኝም።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሙያ ባልደረባዬ በውስጥ መስመር አንድ ቃል ላከችልኝ፦ «አንቺም?» የጎረቤት ሀገር ልጅ ናት። ስድስት ዓመት በርቀት አብረን ሠርተናል። ምን ማለትሽ ነው ብዬ ጠየቅኋት። ለካ በእነዚያው ሦስት ወራት መንግሥቶቻችን መግለጫ ሲወራወሩ፣ እሷንና ወገኖቿን እየተከታተሉ የሚሰድቡት አካውንቶች ሁሉ ስማቸው ጎን የሰቀሉት ያንኑ ባንዲራ ኖሯል። እኔ የሞቱትን እያሰብኩ ያደረግሁትን ምልክት እሷ በየቀኑ የምታየው ከስድብ ጋር ነው። የእኔን ስታይ ደግሞ «እሷም ከነሱ ጋር ሆነች» አለች።

ከሁለታችን የተሳሳተው ማን ነው? ማናችንም አልተሳሳትንም ባይ ነኝ። የሚያስጨንቀኝም እሱ ነው።

ቋንቋችን ነገሩን ቀድሞ ያወቀው ይመስለኛል። ሰንደቅ ዓላማ ስንል ሰንደቁ ዘንጉ ነው፤ ዓላማው ደግሞ ዘንጉ ላይ የሚውለበለበው ምልክት። ዘንጉ ሥራ ነበረው። ጠዋት ይሰቀልበታል፣ ማታ ይወርድበታል፣ ሐዘን ሲሆን እስከ ግማሽ ዝቅ ይልበታል። የቆመበት ቦታም ይናገራል፤ ፍርድ ቤት በር ላይ ያለውና ስታዲየም ውስጥ ያለው አንድ ነገር አይሉም። ስልካችን ላይ ያለው ባንዲራ ይህ ሁሉ የለውም። ዝቅ አይልም፣ አይመሽበትም። ከማን ስም ጎን እንደዋለ ብቻ ነው የሚታየው።

እስቲ ንገሩኝ። የማታውቁት ሰው ስሙ ጎን ባንዲራ አድርጎ ስታዩ መጀመሪያ ውስጣችሁ የሚመጣው ምንድን ነው? ሀገሩን የሚወድ ሰው ነው፣ ወይስ የሌላውን የሚንቅ? (ዓመት የምትጠቅሱ ከሆነ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ይሁን፣ እንዳንምታታ።)


ያገር ልጅ

እህቴ፣ ለሞቱት ነፍስ ይማር። ሐዘንሽን አከብራለሁ፤ ባንዲራሽን አውርደሽ ይቅርታ ልትጠይቂ ከሆነ ግን አልደግፍሽም።

ሌባ እንደ እኔ ዓይነት ካፖርት ለበሰ ተብሎ እኔ በብርድ ልሂድ? የሰደበ በስድቡ ይጠየቅ። ባንዲራው የሰዳቢዎቹ ንብረት የሚሆነው ጨዋ ሰዎች አንድ በአንድ ባወረዱት ቁጥር ነው። መጨረሻ ላይ የሚቀሩት እነሱ ብቻ ይሆናሉ፤ ያን ጊዜ ጓደኛሽ ያለችው በእርግጥም እውነት ይሆናል።

እኔ ስሜ ጎን ካደረግሁት ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። የምኖረው ከሀገሬ ውጭ ነው። በዙሪያዬ ስሜን አስተካክሎ የሚጠራ ሰው የለም፤ ያቺ ትንሽ ምልክት «የመጣሁበት አለኝ» የምልባት ናት። በዘጠኝ ዓመት አንድም ሰው ሰድቤባት አላውቅም። እኔን ሳያውቅ ብሔርተኛ ብሎ የሚፈርጀኝ ሰው ስህተቱ የራሱ ነው።


ብዕረኛዋ

ትርጉም ነው ሥራዬ፤ ከዚህ ክርክር በፊት ቃሉ ራሱ እንደሚያጣላን ልናገር።

ሀገር ወዳድነት ለሁላችንም ግልጽ ነው። አርበኝነት ስንል ግን ጦር ሜዳ ይታየናል፤ አርበኛ ማለት ጠላት ሲመጣ በረሃ የወረደ ሰው ነው። ስለዚህ በሰላም ቀን ሀገሩን በመውደዱ ብቻ አንድን ሰው አርበኛ ስንለው ሳናስበው ጠላት እናዘጋጅለታለን። ብሔርተኝነት ደግሞ አብዛኞቻችን የምንሰማው በብሔረሰብ ትርጉሙ ነው። ፈረንጆቹ በዚህ ቃል የሚሉት ሌላም ነገር አለ፦ ሀገሬ ከሌሎች ትበልጣለች፣ የእሷ መብለጥም የሌላው ማነስ ነው የሚል አቋም። ለዚህ አንድ ያለቀለት የአማርኛ ቃል አላገኘሁም። በዚህ የውይይት ክር ውስጥ «የበላይነት ስሜት» ልበለው።

ያገር ልጅ፣ አንተ የነገርከን ስለ ፍቅር ነው። የማለዳ ጤዛ ጓደኛ ያየችው የበላይነት ስሜት ነው። ሁለቱም የሚለብሱት አንድ ልብስ ነው፣ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። «እወድሻለሁ» ብሎ ለመጻፍ ግሥ ያስፈልጋል፤ «እበልጥሃለሁ» ለማለትም እንደዚሁ። ባንዲራ ግሥ የለውም። ግሡን የሚያመጣው አንባቢው ነው።


ነቅዐ ጥበብ

ማኅበራዊ ሥነ ልቦና አጠናለሁ። ብዕረኛዋ የለየቻቸው ሁለት ነገሮች በመስኩም የታወቁ ናቸው። በ1989 ሪክ ኮስተርማንና ሲይሞር ፌሽባክ የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪዎች ሁለቱን በመጠይቅ ለይተው ለኩ። ሀገሬን እወዳታለሁ የሚል ሰው ሁሉ ሀገሬ ሌሎችን ትምራ እንደማይል የታየው በዚህ ነው።

ከዚያ የመጣው ጥያቄ የእኛው ነው፦ ባንዲራ ማየት የትኛውን ይቀሰቅሳል? በ2008 ማርከስ ኬመልማየርና ዴቪድ ዊንተር ባሳተሙት ጥናት የአሜሪካን ባንዲራ ባለበት መጠይቅ የሞሉ ሰዎች ሀገር ወዳድነታቸው ከፍ አላለም። ከፍ ያለው የበላይነት ስሜታቸው ነው። ይህን ብቻ ያነበበ ሰው «በቃ፣ ባንዲራ መርዝ ነው» ሊል ይችላል። ነገር ግን ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ2007፣ ዴቪድ በትዝና ባልደረቦቹ እዚያው አሜሪካ ተቃራኒውን አግኝተው ነበር። የበላይነት ስሜታቸው ጠንካራ የነበረ ሰዎች ባንዲራውን ሲያዩ ለአረቦችና ለሙስሊሞች ያላቸው ጥላቻ ለዘብ አለ፤ ባንዲራው የእኩልነትን ሐሳብ ያስታወሳቸው ይመስላል። በዚያው ዓመት እስራኤል ውስጥ ራን ሐሲንና ባልደረቦቹ ዓይን በማይለየው ፍጥነት ባንዲራ ብልጭ አድርገው ሲያሳዩ የሰዎቹ የፖለቲካ አቋም ወደ መሐል ተሳበ አሉ።

እዚህ ላይ ግን ቆም በሉ። በ2011 ባንዲራ ማየት አሜሪካውያንን ወደ ሪፐብሊካን ፓርቲ ያዘነብላል የሚል ጥናት ወጥቶ ብዙ ተወርቶለት ነበር። በ2014 በ36 ቦታዎች ከስድስት ሺህ በላይ ሰዎች የተካፈሉበት ትልቅ የድጋሚ ፍተሻ ሲደረግ ያ ውጤት አልተገኘም። ስለዚህ «ባንዲራ ያየ ሰው ሳያውቀው ይለወጣል» የሚላችሁ ቢኖር በጥርጣሬ ስሙት። ይህን የምለው መስኬን ስለምወደው ነው።

እኔን የሚያሳምነኝ ቀለል ያለው ነገር ነው፦ ሰው ባንዲራን የሚያነብበው አብሮት ካየው ነገር ጋር ነው። የእህታችን ጓደኛ በምስጢራዊ ኃይል አልተነካችም። ሦስት ወር ሙሉ ያንን ምልክት ከስድብ ጋር አብራ አየች። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ልጡ እባብ አይደለም፤ የበረየውም ሰው ግን ሞኝ አይደለም።


የማለዳ ጤዛ

ነቅዐ ጥበብ፣ አመሰግናለሁ። የመጨረሻዋ መስመርህ አስለቀሰችኝ። ለእሷም ልልክላት ነው።


ኮድ ጸሐፊ

እኔ ስለ መሣሪያው ልናገር፤ ብዙ ሰው ስለማያውቀው።

በስልካችሁ የምትልኩት የባንዲራ ኢሞጂ ሥዕል ሆኖ አይላክም። የሚላኩት ሁለት የተለዩ የፊደል ኮዶች ናቸው፤ ሁለቱ ፊደላት የሀገሪቱ ዓለም አቀፍ መለያ ናቸው። የፊደላትንና የኢሞጂዎችን ኮድ ለዓለም የሚወስነው ዩኒኮድ ይህን ያስገባው በ2010 ነው። 26 ኮዶችን ሰጠና የትኛው ጥንድ ባንዲራ ሆኖ እንደሚታይ ለአምራቾች ተወው። ስለዚህ ዊንዶውስ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው ሁለት ደረቅ ፊደል ብቻ ነው። አንዱ በስሜት የሰቀለው ባንዲራ ሌላው ዘንድ ፊደል ሆኖ ይደርሳል።

«ለአምራቾች ተወው» ያልኩት ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ቻይና ውስጥ በሚሸጡ አይፎኖች ላይ የታይዋን ባንዲራ አይታይም። በ2019 ደግሞ የሆንግ ኮንግና የማካው ተጠቃሚዎች ኪቦርድ ላይ ከሚመረጡት መካከል ወጣ። እንግሊዝ፣ ስኮትላንድና ዌልስ በ2017 የየራሳቸውን ባንዲራ በኢሞጂ አገኙ፤ ሰሜን አየርላንድ ግን የላትም፣ ሁሉም ወገን የተስማማበት ባንዲራ ስለሌላት። በ2022 ዩኒኮድ ከእንግዲህ አዲስ የባንዲራ ኢሞጂ ማመልከቻ አልቀበልም አለ። ባንዲራዎች ከኢሞጂ ምድቦች ሁሉ በቁጥር ብዙውን ይዘው በአጠቃቀም ግን መጨረሻ ናቸው።

ይህን የማነሳው ያገር ልጅ «የመጣሁበት አለኝ» ስላለ ነው። ያ ሐቅ ለአንተ ይሠራል፣ ወንድሜ። ኪቦርዱ ላይ ባንዲራው የሌለ ሰውም አለ። ዝርዝሩ ውስጥ መግባትና አለመግባት ራሱ «አንተ ሀገር ነህ፣ አንተ አይደለህም» የሚል ፍርድ ሆኖ ይሰማል።


የባሕር ማዶ

ኮድ ጸሐፊ ያለውን ሳነብ አንድ ሌሊት ትዝ አለኝ።

ኖቬምበር 12 ቀን 2015 ቤይሩት ነበርኩ። ቡርጅ አል ባራጅነ የሚባለው ሰፈር ላይ ሁለት ፍንዳታ ደረሰ፣ ከአርባ በላይ ሰው ሞተ። እኔ ከምሠራበት ቤት ሩቅ አልነበረም። በማግስቱ ማታ ፓሪስ ተመታች፤ 130 ሰው። ቅዳሜ ስልኬን ስከፍት የማውቃቸው ሰዎች ፊት ሁሉ ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ቀይ ሆኗል። ፌስቡክ አንድ ቁልፍ አዘጋጅቶ ነበር፤ ነካ ስታደርጊው ፎቶሽ የፈረንሳይን ቀለም ይለብሳል። ለቤይሩት ቁልፍ አልነበረም።

በፓሪስ ሟቾች አልቀናሁም፤ በሞተ ሰው ማን ይቀናል? እኔም ራሴ ነክቼዋለሁ ያንን ቁልፍ። ስላለ ነው የነካሁት። ካደረግሁት በኋላ ነው ቀና ብዬ የቤቱን እመቤት ያየኋት፤ የእህቷን ልጅ ፍለጋ ስልክ እየደወለች ነበር። አጠገቤ ያለውን ሐዘን ትቼ ሩቅ ያለውን ለበስኩ።

ያ ባንዲራ የፈረንሳውያን ብሔርተኝነት ምልክት አልነበረም። ግማሹ የሰቀለው ፈረንሳይን በካርታ ላይ እንኳ አይቷት ላያውቅ ይችላል። ርኅራኄ ነበር። ግን አንዱን ሐዘን ትልቅ፣ ሌላውን ትንሽ አድርጎ አሳየ፤ ይህን ያደረገው ደግሞ ከሰቀሉት ሰዎች ውስጥ አንዱም ሳያስበው ነው።


ቆቅ

እስካሁን ሁላችሁም ባንዲራ የሰቀለው ሰው የዚያ ሀገር ሰው ነው ብላችሁ ነው የምትነጋገሩት። ይህን ከየት አመጣችሁት?

በ2016 የአሜሪካ ምርጫ ወቅት በባንዲራና በንስር ያጌጡ፣ «ሀገር ወዳድ ነን» የሚሉ የፌስቡክ ገጾች ነበሩ። ብዙ ተከታይም አፍርተው ነበር። በፌብሩዋሪ 2018 አሜሪካ ውስጥ በቀረበው ክስ እንደተገለጸው ከእነዚህ አንዳንዶቹ ይጻፉ የነበረው ሴንት ፒተርስበርግ፣ ሩሲያ ውስጥ ነው። ኢንተርኔት ሪሰርች ኤጀንሲ የሚባል ድርጅት ሠራተኛ ቀጥሮ ያስጽፍ ነበር። በሜይ 21 ቀን 2016 ሂውስተን ከተማ አንድ እስላማዊ ማዕከል ፊት ለፊት ሁለት ሰልፍ ወጣ፤ አንዱ ማዕከሉን ሲቃወም ሌላው ሲደግፍ። ሁለቱንም ሰልፎች የጠሩት ገጾች የዚያው ድርጅት ነበሩ። መንገድ ዳር ቆመው የተጯጯሁት ሰዎች ግን እውነተኛ አሜሪካውያን ነበሩ፣ ቁጣቸውም እውነተኛ።

በኖቬምበር 2025 ደግሞ ኤክስ (የቀድሞው ትዊተር) አካውንቶች ከየት ሀገር እንደሚጠቀሙ ማሳየት ጀመረ። የአሜሪካን ባንዲራ ሰቅለው ስለ አሜሪካ ክብር ሲፋጁ የነበሩ ብዙ ታዋቂ አካውንቶች ከሌላ አህጉር መሆናቸው ታየ። መረጃው ሁልጊዜ ትክክል አይደለም፣ ቪፒኤን የሚባለውን ቦታ መደበቂያ የሚጠቀም ሰው ቦታው ይቀያየራል። ቢሆንም ብዙ ሰው ዓይኑን ገለጠ።

ቁጣ አንባቢ ያመጣል፣ አንባቢ ገንዘብ ያመጣል። ባንዲራ ደግሞ ርካሽ የደንብ ልብስ ነው፤ ለብሶ ለመግባት መታወቂያ የሚጠይቅ የለም። የማለዳ ጤዛ፣ ጓደኛሽን የሰደቡት እነማን እንደሆኑ አይተሻል?


የማለዳ ጤዛ

ከጻፍክ በኋላ ተቀምጬ አየሁ፣ ቆቅ። ሙሉ ማታ ፈጀብኝ። ጥቂቶቹ ከሁለታችንም ሀገር ውጭ ያሉ ናቸው፤ አንዱ ያንኑ ስድብ ባንዲራ እየቀየረ በሦስት ሀገር ሕዝብ ላይ ጽፎታል። ሲታየኝ ትንሽ ቀለለኝ።

የቀሩት ግን የእኛው ናቸው። የማውቃቸው የቦታ ስሞች፣ የማውቀው አነጋገር። አንዱ ልክ እንደ እኔ በዚያው የሐዘን ቀን ነው የሰቀለው። ሁሉንም በባዕድ ማሳበብ አልችልም።


ዝምተኛው

እኔ ከሌላኛው ጫፍ ልምጣ። እኔ መጀመሪያ ምንም አልሰቀልኩም፣ የተወቀስኩትም በዚህ ነው።

በእንደዚያው ዓይነት የሐዘን ሳምንት የሥራ ቦታችን የጋራ የመልእክት ቡድን ውስጥ ሁሉም ፎቶውን በባንዲራ ቀየረ። ሦስተኛው ቀን ላይ አንዱ ስሜን ጠርቶ «የአንተ ልብ የት ነው?» ብሎ ሁሉም ፊት ጻፈ። ከሞቱት አንዱ የአጎቴ ልጅ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም ነበር፣ ሐዘኔን ገበያ ማውጣት አልወድም። በዚያ ቀን ግን ሰቀልኩት። ፈርቼ ነው የሰቀልኩት። ያን ዕለት ፕሮፋይሌን ያየ ሰው ሀገሩን የሚወድ ሰው ነው ብሎ ይሆናል። ያየው ፍርሃቴን ነበር።


የድሮ መምህር

ልጄ ዝምተኛው፣ እግዚአብሔር ያጽናህ። ዘመድህንም ነፍስ ይማርልህ።

ታሪክ ሳስተምር ነው ያረጀሁት፤ ከዚያው ልጥቀስ። በ1940 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ትምህርት ቤቶች ተማሪን ለባንዲራ ሰላምታ እንዲሰጥ ማስገደድ ይችላሉ ብሎ ፈረደ። የይሖዋ ምስክሮች ልጆች በእምነታቸው ምክንያት ሰላምታውን አንሰጥም ብለው ነበር። ከፍርዱ በኋላ በየቦታው ሰዎች ተነሡባቸው፤ ተደበደቡ፣ የአምልኮ ቤታቸው ተቃጠለ። ፍርድ ቤቱ በሦስት ዓመት ውስጥ ራሱን አረመ። ጁን 14 ቀን 1943 ማንም ልጅ ሊገደድ አይችልም አለ። ቀኑ የባንዲራ ቀን ነበር፣ ሀገሪቱም ጦርነት ላይ ነበረች። ይህን ለተማሪዎቼ ሳስተምር ሁሌ እዚህ ላይ ቆም እል ነበር፤ ባንዲራው እጅግ በተከበረበት ሰዓት ነው አለመስቀልም መብት ነው ያሉት።

ልዩነቱ ያን ጊዜ አስገዳጁ መንግሥት ነበር፣ ይግባኝ ይባልበታል። አንተን ያስገደደህ የባልደረቦችህ ዓይን ነው። ለዓይን ይግባኝ የለውም። «ልብህ የት ነው» ያለህ ሰው ሀገሩን ይወድ ይሆናል፤ በዚያች ሰዓት ግን ባንዲራውን የስም መጥሪያ መዝገብ አድርጎታል። በመዝገብ የተጠራ ፍቅር እንዴት ተብሎ ይታመናል?


ያገር ልጅ

ዝምተኛው ወንድሜ፣ እኔም በአንድ ወቅት እንዲህ ዓይነት ነገር ለሰው ጽፌ አውቃለሁ። በዚያው ቃል ባይሆንም፣ የዚያው ቢጤ ነበር። ያ ሰው ምን ይዞ እንደነበር አሁን ነው ያሰብኩት። ይቅር በለኝ፤ ለእሱም እጽፍለታለሁ።

ስለ ባንዲራው ግን ሐሳቤን አልቀየርኩም።


ሰው በሰው

ያገር ልጅን የሚደግፍ ምሳሌ ልጨምር፤ ባንዲራ አንዴ ከተወሰደ አይመለስም የሚሉ አሉና።

በ2022 መጀመሪያ ላይ ካናዳ ውስጥ የክትባት ግዴታን የተቃወሙ የከባድ መኪና አሽከርካሪዎች ኦታዋን ለሦስት ሳምንት ያህል ዘጉ። መኪኖቹ ላይ የሜፕል ቅጠሉ ባንዲራ ሞልቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ካናዳውያን ባንዲራቸውን መስቀል ከበዳቸው፤ በረንዳ ላይም ሆነ ኢንተርኔት ላይ ሲያዩት «ይሄ ከእነዚያ ወገን ነው» ማለት ጀመሩ። ሦስት ዓመት አለፈ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ካናዳ 51ኛዋ ግዛት ትሁን ማለት ሲያበዛ፣ አምስት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ከተለያየ ፓርቲ ተሰባስበው ሕዝቡ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2025 ባንዲራውን እንዲሰቅል ጠየቁ። ባንዲራው 60 ዓመት የሞላበት ቀን ነበር። ያው ቅጠል ከአንድ ጎራ ወጥቶ ወደ ሁሉም ተመለሰ።

ግን ልብ በሉ፣ ያስመለሰው ከውጭ የመጣ ዛቻ ነው። ይህ ያሳስበኛል። ባንዲራ የሁሉም እንዲሆን የግድ ከአጥር ወዲያ የሚያስፈራራ ሰው ያስፈልጋል?


ነቅዐ ጥበብ

የሰው በሰውን ጥያቄ መመለስ አልችልም፤ አንድ ነገር ግን ከቀደመው ጽሑፌ ቀርቶብኝ ነበር።

የማለዳ ጤዛ መጀመሪያ ላይ «ትዝ አላለኝም» ብላለች። ማይክል ቢሊግ የተባለ እንግሊዛዊ ምሁር በ1995 የሚውለበለብና የማይውለበለብ ባንዲራ ብሎ ለይቶ ነበር። አንዱ ሰው በስሜት ይዞት የሚወጣው ነው። ሌላው የመንግሥት ሕንፃ ላይ ተሰቅሎ ማንም ቀና ብሎ የማያየው፤ ሥራውን የሚሠራው ሳይታይ ነው፣ ማን እንደሆንን በዝምታ ያስታውሰናል።

ፕሮፋይል ላይ ያለው ባንዲራ ሁለቱንም መሆኑ ነው የሚገርመኝ። ለሰቀለው ሰው በሁለተኛው ሳምንት የማይውለበለብ ይሆናል፤ የራሱን ፕሮፋይል ማን ያያል? ለሚያየው ሰው ግን ባለቤቱ አንድ ቃል በጻፈ ቁጥር እንደገና ይውለበለባል። የማለዳ ጤዛ ስለ ሥራ፣ ስለ አየር ጠባይ የጻፈችው መልእክት ሁሉ ከባንዲራ ሥር የወጣ ንግግር ሆኖ ነው ጓደኛዋ ዘንድ የደረሰው። ሰቃዩ ረስቶታል፣ አንባቢው በየቀኑ አዲስ ያየዋል።


የማለዳ ጤዛ

ሦስት ቀን ዝም ያልኩት ከእሷ ጋር እየተነጋገርኩ ስለነበር ነው።

ክሩን ተርጉሜ ላክሁላት። እንደማወርደው ነገርኳት፤ እሷ ግን አይሆንም አለች። «ካወረድሽው ለእኔ ብለሽ የሞቱብሽን የደበቅሽ ይመስለኛል። እኔ የፈለግሁት መጥፋቱን ሳይሆን ምን እንደሆነ ማወቅን ነው» አለችኝ። ቀጥላ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፣ ያም ከበደኝ፦ «ያ ሁሉ ሰው በእናንተ ባንዲራ ሲሰድበን አንዳችሁም በዚያው ባንዲራ ሥር አንድ ቃል አልጻፋችሁም። ለምን?»

መልስ አልነበረኝም። አላየሁም ነበር። አላየሁም ማለት ለእኔ እውነት ነው፣ ለእሷ ግን ምን ያደርግላታል?

ያደረግሁት ይህን ነው። ባንዲራውን አላወረድኩም። ከሥሩ ሐዘኑ የደረሰበትን ቀንና «ለሞቱት» የሚል ቃል ጻፍኩ፤ በእኛም በእነሱም ቋንቋ። ከዚያ ስድቡ ወዳለበት ገጽ ሄጄ በዚያው ባንዲራ፣ በስሜ፣ ይህ የእኔ ቃል አይደለም ብዬ ጻፍኩ። ከሃዲ ተባልኩ። ከባዱ እሱ አልነበረም፤ ከባዱ ለመጻፍ ሦስት ወር መፍጀቱ ነው።


ያገር ልጅ

እህቴ፣ የገጹን አድራሻ በውስጥ መስመር ላኪልኝ። ያ ገጽ የሚሰድበው በእኔም ባንዲራ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሰቅዬው አንድም ሰው አልሰደብኩም ብዬ ነበር፤ አንድም ሰው ሲሰደብ ገብቼ እንደማላውቅ ግን አልነገርኳችሁም።


የማለዳ ጤዛ

ልኬልሃለሁ።


ዝምተኛው

እኔ ዛሬ አወረድኩት። ፎቶዬን መለስኩ። ማንም ምንም አላለኝም።


ብዕረኛዋ

የማለዳ ጤዛ፣ አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ዘንጉ ያወርደው ነበር ብለሽ ነበር። አሁን አንቺ ነሽ ዘንጉ። መቼ ታወርጂዋለሽ?


የማለዳ ጤዛ

አላወቅሁም፣ ብዕረኛዋ። ጠዋት ጠዋት ስልኬን ስከፍት መጀመሪያ የራሴን ፕሮፋይል እያየሁ ነው። ዛሬም አየሁት፤ ገና ነው።